ቀዩ ስንት ሚሊዮን ነው?

ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰርቨር እንድጠብቅ ነው። ሰርቨር የሚጠበቀው በተርሚናል ነው፤ ማውዝ ብዙም በማይያዝበት፣ ነገሩ ሁሉ በጽሑፍ በሚታዘዝበት በዚያ ጥቁር መስኮት። የሥራ መዘርዝሬ ላይ «የተርሚናሉን ቀለም ያሳምራል» የሚል ቃል አልሰፈረም። ነገር ግን የሥራ ሰዓቴን ማን እንደበላው ኦዲተር መጥቶ ያጣራ ቢባል፣ ሰርቨሮቹ ሁለተኛ ነው የሚወጡት።

በዚህ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ሊኑክስ የሚነካ ሰው ሁሉ ይህ አመል አለበት። አዲስ ላፕቶፕ ሲሰጠው መጀመሪያ የሚያደርገው ለሥራው የሚያስፈልገውን መጫን አይደለም፤ የጥቁሩን ጥቁረት መለካት ነው። አለቃ ከኋላው ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ ሽቅብ የሚሮጠውን ዥንጉርጉር ጽሑፍ ያይና «ይሄ ልጅ ዛሬ ከባድ ነገር ይዟል፤ አንረብሸው» ብሎ እርምጃውን ያለዝባል። ልጁ የያዘው ከባድ ነገር ከሁለት ግራጫዎች አንዱን መምረጥ ነው። ጎብኚ ሲመጣም የሚቆመው እኛ ጠረጴዛ ጋ ነው። ሒሳብ ክፍል ያሉት ከእኛ ይልቅ ስንት ገንዘብ ሲያንቀሳቅሱ ይውላሉ፤ ግን ኤክሴል ማንንም አስደንቆ አያውቅም።

ከጎኔ የሚቀመጡት ጋሼ ከዚህ አመል የጸዱ ናቸው። ዩኒክስን ያወቁት እኛ ገና ፊደል ሳንቆጥር ነው፤ ተርሚናላቸው ከጥቁርና ከነጭ ሌላ አያውቅም። የትኛውም ፕሮግራም ቀለም እንዳያሳያቸው «ኖ ከለር» የምትባለውን ቫሪያብል በቋሚነት ሞልተው አስቀምጠዋታል። ይህች ቫሪያብል እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረች የሰላም ስምምነት ናት፤ ባዶ እስካልሆነች ድረስ ጨዋ የሆነ ፕሮግራም ሁሉ ቀለሙን ዋጥ አድርጎ ይጽፋል። ጋሼ ስለ ስምምነቷ እስኪሰሙ ድረስ ለየፕሮግራሙ በየግሉ «ቀለም አልፈልግም» እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል።

«አንድ ጽሑፍ ለማንበብ ስንት ቀለም ያስፈልግሃል?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እንደ ጽሑፉ ነው ጋሼ።»

«እኔ አንድ ይበቃኛል። እሱም አለኝ።»

ከእሳቸው ጋር መከራከር የሚከብደው ሁልጊዜ ሥራቸውን ጨርሰው ስለሚከራከሩ ነው።

ይሁንና እሳቸው እንደሚሉት ነገሩ የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጨዋታ ቢሆንማ ቶሎ ያልቅ ነበር። የሚያስቸግረው፣ በተርሚናል ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር ጨርሶ አለማለፉ ነው። የሚያልፈው ትእዛዝ ብቻ ነው። አንድ ፕሮግራም «ከሽፏል» የሚለውን ቃል በቀይ መጻፍ ሲያምረው፣ በመጀመሪያ ኤስኬፕ የተባለችውን የማትታይ ምልክት ይልካል፤ አስከትሎ ማዕዘናማ ቅንፍ ይከፍታል፣ 31 ብሎ ይጽፋል፣ በትንሿ የላቲን ኤም ይዘጋል። «ከዚህ በኋላ ያለውን በቀይ አድርግልኝ» ማለቱ ነው። ከዚያ ቃሉን ይጽፋል። ሲጨርስ ያንኑ ሥርዓት በ0 ይደግመዋል፤ «ይብቃ፣ ወደ ነበርንበት እንመለስ» ነው። 30 ጥቁር፣ 31 ቀይ፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ፣ 34 ሰማያዊ እያለ እስከ 37 ነጭ ድረስ ስምንት ቀለም ይቆጠራል። ጀርባውን መቀባት የፈለገ 30ውን ወደ 40 ከፍ ያደርጋል።

ይህ ቋንቋ በኤክማ-48 መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1976 ታትሞ ወጣ፤ አሜሪካኖቹም በ1979 የራሳቸውን አጸደቁ። ጊዜውን ልብ በሉት። አብዛኛው ስክሪን ባለ አንድ ቀለም የነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው የተርሚናል ፕሮግራሞች ሁሉ የሚኮርጁት ቪቲ100 የተባለው ዕቃ በ1978 ሲወጣ በ24 መስመር ሰማንያ ሰማንያ ፊደል ያሳይ ነበር እንጂ ከቀለም ጋር አይተዋወቅም። መስፈርቱን የጻፉት ሰዎች ቀለሞቹን በስም ጠሯቸው፤ «ቀይ» አሉ፣ «ሰማያዊ» አሉ፣ አለፉ። የትኛው ቀይ? የትኛው ሰማያዊ? እሱን አልነገሩንም። እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱ ተርሚናል «ቀይ» ሲባል በገባው መጠን ይቀባል።

በገባው መጠን ስል ማጋነኔ አይደለም። ኮምፒውተር ቀለምን የሚለካው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255። 33ን፣ ማለትም ቢጫውን፣ ምንም መስኮት ሳይከፈት በሚመጣው በሊኑክስ ባዶ ኮንሶል ላይ ብታዙ፣ 170 ቀይ ከ85 አረንጓዴ ጋር ተቀላቅሎ ይቀርብላችኋል። ይህ በየትኛውም አገር ቡኒ ነው። ዘሩ የሚመዘዘው ከመጀመሪያዎቹ የአይቢኤም ፒሲ ባለቀለም ስክሪኖች ነው፤ ጠቆር ያለው ቢጫ ዓይን አይሞላም ተብሎ ሆን ተብሎ ቡኒ ተደረገ። ስሙን ማንም አልቀየረለትም። ቢጫ አዝዞ ቡኒ የመጣለት ሰው ቅሬታውን የሚያቀርብበት መስኮትም የለም።

የ34 ነገር ከዚህ ይብሳል። በዚያው ባዶ ኮንሶል ላይ ሰማያዊው 170 ነው። ኤክስተርም በሚባለው ተርሚናል ላይ 238 ነው። ሶላራይዝድ በሚባለው፣ ኢታን ሾኖቨር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣውና ስመ ጥር በሆነው የቀለም ስብስብ ደግሞ 38፣ 139 እና 210 ተቀላቅለው አመድማ ሰማያዊ ይሆናሉ። ሦስቱም ለአንድ ትእዛዝ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ጥቁር ላይ የተጻፈ ጥቁር ሰማያዊ ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓይናችን ከሦስቱ ብርሃኖች ደካማ አድርጎ የሚያየው ሰማያዊውን ነው። የፋይሎችን ዝርዝር የሚያወጣው ኤልኤስ ደግሞ ከቀለም ሁሉ መርጦ የፎልደሮችን ስም በሰማያዊ ይጽፋል። ስለዚህ ቢሯችን ውስጥ አንገቱን አስግጎ፣ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ሊያስነካ የደረሰ ሰው ካያችሁ ከባድ ችግር እየፈታ አይደለም፤ ፎልደር እየፈለገ ነው።

«መነጽር ግዛ» ይሉታል ጋሼ። የእሳቸው ፎልደሮች ነጭ ናቸው።

ሁለተኛው ጣጣ የመታወቂያ ነው። ትእዛዙን የሚልከው ፕሮግራም ተርሚናሉን በዓይኑ አያየውም። ብዙ ጊዜማ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያዝዘው። ከፊቱ ያለው ስክሪን ስምንት ቀለም ይወቅ ወይም ሚሊዮን፣ ማረጋገጫው ተርም በምትባል ቫሪያብል ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ያችን መታወቂያ ይቀበልና ተርምኢንፎ ወደሚባለው መዝገብ ቤት ይሄዳል። መዝገቡ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ተደርድሮ ይገኛል። «ይህ ስም ያለው ተርሚናል ስንት ቀለም ያውቃል? ስክሪኑን ለማጽዳት ምን ይባላል?» ብሎ ያገላብጣል፤ እዚያ በተጻፈው ያድራል።

ይህ አሠራር የመጣው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገበያው በተርሚናል ዓይነት ተጥለቅልቆ ነበር፤ እያንዳንዱ ፋብሪካም የራሱን ቋንቋ ያናግር ነበር። በዘመኑ መጨረሻ ላይ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቢል ጆይ የየተርሚናሉን ጠባይ በአንድ ፋይል መዘገበው፤ የዛሬው ተርምኢንፎ የዚያ መዝገብ ልጅ ነው። የሞቱ ፋብሪካዎች ስም ዛሬም እዚያ ውስጥ አለ። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመን ሆኖታል፤ ተርሚናሉ ግን ነገ ከአንድ መጋዘን ወጥቶ ቢመጣ መዝገቡ ይቀበለዋል።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ እያንዳንዱ ተርሚናል የራሱን መታወቂያ ይዞ መምጣት ነበረበት። እስቲ ጠይቋቸው። ግኖም ተርሚናልን «ማን ነህ?» በሉት፦ «ኤክስተርም-256ከለር» ይላል። ኮንሶሌ የተባለውን ተርሚናል ጠይቁት፦ እሱም ኤክስተርም ነው። የማክ ኮምፒውተሩን ተርሚናል ጠይቁት፦ ኤክስተርም። ትክክለኛው ኤክስተርም እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረ ፕሮግራም ነው፤ አሁንም ቶማስ ዲኪ የተባሉ ሰው በትጋት ይንከባከቡታል። ዓለም ላይ ስንት ሰው በስሙ እንደሚገባና እንደሚወጣ ሲያስቡ ምን እንደሚሰማቸው አላውቅም፤ እኔ ብሆን ኪራይ እጠይቅ ነበር።

ሁሉም የሚዋሸው ክፉ ሆኖ አይደለም። የታወቀ ስም የያዘ በየትኛውም በር ስለሚገባ ነው። በቅርቡ አንድ ሐቀኛ ተርሚናል መጣልን፤ በራሱ ትክክለኛ ስም ነው የሚምለው። ያሳየው የነበረው ቀለም ልብ ይሰርቃል። በኤስኤስኤች ወደ አንድ አሮጌ ሰርቨር ስንልከው ግን ሰርቨሩ መዝገቡን አገላብጦ «እንዲህ የሚባል ተርሚናል አላውቅም» አለና ስክሪን ማጽዳት እንኳ ከለከለን። ቀለም ሳያውቅ «ኤክስተርም ነኝ» ብሎ የሚመጣውን ደሃ ተርሚናል ግን እጅ ነስቶ ያስገባዋል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ የተርሚናሉን መዝገብ በኢንፎኮምፕ ገልብጦ፣ ሰርቨሩ ላይ በቲክ ማስመዝገብ፤ ይህ ሕጋዊው መንገድ ነው። ወይ ደግሞ መታወቂያውን ለውጦ ኤክስተርም መሆን። ሁለተኛው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ የትኛው እንደሚዘወተር አትጠይቁኝ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«በሰው መታወቂያ ነው እንዴ የምትገባው?»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚገባው ጋሼ።»

«ታዲያ መታወቂያው ምን ይሠራል?»

«በሩ ላይ ስለሚጠየቅ ነው።»

ዝም አሉ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን ስለሠሩ መልሱ የገባቸው መሰለኝ።

ይህ የመታወቂያ አሠራር የሚያስቀውን ያህል አስተማሪም ነው። «ቲፑት ከለርስ» ብላችሁ ብትጽፉ ተርሚናላችሁ ስንት ቀለም እንደሚያውቅ በቁጥር ይነገራችኋል። የሚመልስላችሁ ግን ተርሚናሉ አይደለም፤ መዝገቡ ነው። ተርምን «ደምብ» ብላችሁ ሰይሙትና፣ ማለትም ደደብ በሉትና፣ በዓለም ላይ አለ የተባለው ስክሪን ፊት ተቀምጣችሁ ያንኑ ጠይቁ። መልሱ -1 ነው። ዜሮ እንኳ አይደለም። ከዜሮ በታች ቀለም ያለው ተርሚናል እንግዲህ ባለዕዳ መሆኑ ነው።

ስምንቱ ቀለም ለሰው አልበቃ ሲል ደማቆቹ ስምንት ተጨመሩና 16 ሆኑ። ከዚያ 256 መጣ። አቆጣጠሩ ደስ ይላል፦ ቀድሞ የነበሩት 16፣ ስድስት በስድስት በስድስት ተባዝተው 216፣ ላያቸው ላይ 24 ግራጫ። 24 ግራጫ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ሰው ልጁ ግራጫ ሲመርጥ አላየም። በመጨረሻ 16,777,216 ቀለም ደረሰ። ይህን ያህል ቀለም የሚያውቁት ተርሚናሎች በቀድሞው መታወቂያ ላይ ስለማይጻፍላቸው «ከለርተርም» የምትባል ሁለተኛ መታወቂያ ወጣላቸው። ችግሩ ኤስኤስኤች የመጀመሪያዋን መታወቂያ ይዞ ይሻገራል፤ ሁለተኛዋን ግን ካልነገሩት በር ላይ ጥሏት ይሄዳል። ቤቱ ሚሊየነር የነበረ ሰው ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ 256 ብቻ ይዞ ይገኛል። በመሀል ደግሞ መስኮቶችን የሚከፋፍለው ቲመክስ አለ። እሱ ውስጥ ላሉት የራሱን መታወቂያ ያሳያል፤ የውጭው ተርሚናል ሚሊዮኖቹን እንደሚያውቅ በግልጽ ካልነገራችሁት የተላከለትን ቀለም ከ256ቱ ለቅርቡ ይመነዝረዋል። አንዱ ባልደረባችን ለሠርጉ ክራባት ከመረጠበት ይበልጥ ተጨንቆ የመረጠው ብርቱካንማ በምንዛሬ ሳልሞንማ ሆኖ ደረሰው። ሐዘኑን ለመግለጽ ቃል አጣሁ፤ ምክንያቱም ልዩነቱ አይታየኝም ነበር።

የቀለም ስብስብ የመምረጡ ወረርሽኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሶላራይዝድ አለ፣ ድራኩላ አለ፣ ግሩቭቦክስ አለ፣ ኖርድ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ኳስ የማያወሩት የእኛ ክፍል ልጆች በእነዚህ ይከራከራሉ። ከዚህ ወረርሽኝ የተረፈልኝን አንድ ትዝታ ልንገራችሁ። አንዱ ልጅ አዲስ ስብስብ ጭኖ አንድ የመፈተሻ ፕሮግራም ያስኬዳል። ፕሮግራሙ ርዕስ ይጽፋል፣ ርዕስ ይጽፋል፤ ማብራሪያው ያለበት ቦታ ባዶ ነው። «ይሄ ፕሮግራም ዝም አለኝ» ብሎ ጠራኝ። አየነው፤ እውነትም ዝም ብሏል። ከዚያ ማውዙን ይዞ ባዶውን ቦታ ከላይ እስከ ታች ሲመርጠው፣ በጽሑፍ ተሞልቶ ብቅ አለ! ፕሮግራሙ ማብራሪያውን የጻፈው «ደማቅ ጥቁር» በሚባለው፣ በተለምዶ ግራጫ በሚሆነው ቀለም ነበር። የጫነው ስብስብ ደግሞ ደማቅ ጥቁርን የጀርባው ቀለም አድርጎታል። ሁለቱም ሕጉን አክብረዋል። ፕሮግራሙ ሲናገር ነበር፤ ተርሚናሉም ሲታዘዝ ነበር። መሀል ላይ ያለው ሰው ነው ምንም ያላነበበው።

ኤልኤስ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚጠላው አንድ ቀለም አለ፤ ደማቅ አረንጓዴ ጀርባ ላይ በሰማያዊ የተጻፈ የፎልደር ስም። ለማየት ያስቀይማል፣ ለማንበብ ያታክታል። በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬዱ ሰዎች የዊንዶውሱን ዲስክ ሲከፍቱ ከዳር እስከ ዳር እሱን ነው የሚያዩት። «ይህን ቀለም እንዴት ላጥፋው?» የማይል የለም። መጥፋቱንስ ይጠፋል፤ ኤልኤስ ከለርስ በምትባለው ቫሪያብል ላይ ኦደብሊው የሚለውን ፈልጎ ቁጥሩን መቀየር ነው። ነገር ግን ቀለሙ የተቀመጠው ለክፋት አልነበረም። «ይህ ፎልደር ውስጥ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ያገኘ ሰው ሁሉ መጻፍ ይችላል» እያለ ነው። እኛ ቢሮ ይህን ቀለም ያላጠፋ የለም። ፎልደሮቹ ግን ዛሬም ክፍት ናቸው፤ አሁን በሚያምር ቀለም።

ጋሼ ይህን የሰሙ ዕለት ሻይ አስመጡ።

ቀለም ከተርሚናል ወጥቶ ወረቀት ላይ የደረሰበትን ቀን ደግሞ ሒሳብ ክፍላችን አይረሳውም። ከእኛ ክፍል አንድ ወጣት የየሌሊቱን መጠባበቂያ ቅጂ ውጤት በፋይል የሚመዘግብ ስክሪፕት ጽፎ ነበር። ጨዋ ፕሮግራሞች የሚጽፉት ለተርሚናል ይሁን ለፋይል ይጠይቃሉ፤ ፋይል ከሆነ ቀለሙን ይተዉታል። «አውቶ» የሚባለው ይህ ነው። ወጣቱ ግን ቀለም ስለሚወድ «ኦልዌይስ» አለ፤ መቼም የትም ቀባ ማለት ነው። ፋይሉ ለዲስክ መግዣ ጥያቄ አባሪ ሆኖ ታተመና ሒሳብ ክፍል ሄደ። ኤስኬፕ አትታይም፤ ወረቀት ላይ አትቀርም። ቅንፏ፣ ቁጥሩና ያቺ ኤም ግን ቀሩ።

የክፍሉ ኃላፊ እትዬ አስጠሩኝ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በስክሪብቶ እያሰመሩ ነበር።

«ና እስቲ የኔ ልጅ። ይሄ 31 ሚሊዮን የምን ሒሳብ ነው?»

ወረቀቱ ላይ «[31ኤም ከሽፏል [0ኤም» ይላል።

«እትዬ፣ ሚሊዮን አይደለም። ቀይ ማለት ነው።»

«31 ሚሊዮን ቀይ ውስጥ ገብቷል ነው የምትለኝ?» አሉና ስክሪብቷቸውን ወደ ታችኛው መስመር አወረዱት። «እዚህ ጋ ደግሞ 32 ሚሊዮን ተሳክቷል ይላል። ተሳክቶ ሲያበቃ ወዲያው 0 ሚሊዮን ይሆናል። የት ሄደ?»

«32 አረንጓዴ ነው፤ 0 ደግሞ ይብቃ ማለት ነው።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። በሒሳብ ሙያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ማብራሪያ የሚሰጥ ሰው በሌላ ነገር እንደሚጠረጠር ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ወጣቱ «ኦልዌይስ» የሚለውን ወደ «አውቶ» ቀየረ፤ አንድ ቃል ናት። ዲስኩ ግን ማጣራት ያስፈልገዋል ተብሎ ለቀጣዩ በጀት ዓመት ተላለፈ። እስከ ዛሬ እትዬ በኮሪደር ሲያገኙኝ «ቀዩ ስንት ደረሰ?» ይሉኛል።

ይህን ሁሉ ስል ቀለም አያስፈልግም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ቀለም እንጀራችንን ይጠብቃል። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍተን እንሠራለን፤ አንዱ የሙከራው ሰርቨር ነው፣ አንዱ ሕዝብ የሚገለገልበት ዋናው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፊደል ያሳያሉ። የሙከራውን የመረጃ ቋት ለመሰረዝ የተዘጋጀች ትእዛዝ ዋናው ላይ ብታርፍ የሚከተለውን መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ትእዛዝ የምንጽፍበትን መስመር መግቢያ፣ ፕሮምፕት የሚሉትን፣ በሙከራው ላይ አረንጓዴ፣ በዋናው ላይ ቀይ አደረግነው። እዚህም ላይ ሥርዓት አለው። የቀለሙን ኮድ፣ ትእዛዛችንን ለሚቀበለው ባሽ ለተባለው ፕሮግራም «ይህ አይታይም፣ ከፊደል አትቁጠረው» ብሎ በኋላ-ሰረዝ ቅንፍ ካላጠሩለት፣ ባሽ የማይታየውንም ቆጥሮ መስመሩ ሞልቷል ይላል፤ ረዘም ያለ ትእዛዝ ሲጻፍ ወደ ታች መውረዱ ይቀርና ተመልሶ የራሱን መጀመሪያ ይበላል።

በዚህ ተኩራርተን ሳለን አዲስ ባልደረባ ተቀጠረ። ሥራውን ሳስተዋውቀው ሕጋችንን ነገርኩት፦ «ቀይ ካየህ እጅህን ሰብስብ፤ አረንጓዴ ካየህ እንደ ልብህ።»

ሁለቱን መስኮቶች አፈራርቆ አየ። «ቀዩ የቱ ነው?» አለኝ።

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ፣ ከሴቶቹም ከ200 አንዷ ገደማ ሁለቱን ለመለየት ይቸገራሉ፤ በሌላውም ሕዝብ ዘንድ በተለያየ መጠን አለ። «ታዲያ ጊት ላይ የተሰረዘውና የተጨመረው መስመር ሲቀላቀል እንዴት ታደርጋለህ?» አልኩት፤ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት የተሰረዘውን በቀይ፣ የተጨመረውን በአረንጓዴ ስለሚያወጣ። «የመቀነስና የመደመር ምልክት ከፊታቸው አለ አይደል? እሱን ነው የማነበው» አለ። እኔ ምልክቶቹን ካየኋቸው ስንት ጊዜ ሆኖኛል! መስፈርቱ ቀይን ሳይተረጉም ተወው፣ ተርሚናሉ በገባው ቀባው፣ ቲመክስ መነዘረው ስል ስቆጥር የኖርኩት ሰንሰለት መጨረሻው ስክሪኑ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከስክሪኑ ወዲህ ዓይን የሚባል አለ። እሱ የሚስተካከልበት ፋይል ደግሞ የለም።

ስለዚህ ሕጉን አሻሻልነው። ቀለሞቹን ወደ ሰማያዊና ብርቱካንማ ከመለወጣችን በላይ፣ ፕሮምፕቱ ላይ ቃል ጨመርንበት። በአማርኛ፣ በጉልህ፣ «ዋናው» ይላል። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ተርሚናል ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው ለቀጭኗ የላቲን አይ የሚሰጠውን ያንኑ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ስለዚህ «ዋ» እና «ና» ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ነው የሚቆሙት። ቢጋፉም ይነበባሉ። ቀለሙ ቢመነዘር፣ ቢደበዝዝ፣ ጨርሶ ቢጠፋ «ዋናው» ዋናው ነው። ወረቀት ላይ ቢታተም እንኳ እትዬ ሚሊዮን አያደርጉትም።

ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ስክሪኔን አዩት።

«ይሄ ጥሩ ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ለእኔም አድርግልኝ።»

«ከነቀለሙ ጋሼ?»

«ቃሉ ካለ ቀለሙ ምን ይሠራል?»

«ቃሉ ይነግርዎታል፤ ቀለሙ ያስደነግጥዎታል። አንዳንዴ ሰው ሳያነብ ነው የሚጽፈው።»

ጥቂት አሰቡበት።

«ለመደንገጥማ» አሉ ወደ ነጩ ጽሑፋቸው እየዞሩ፣ «በወሩ መጨረሻ ከባንክ የሚመጣልኝ መልእክት ይበቃኛል። እሱም ጥቁርና ነጭ ነው።»